ስምንት ቦታ የተቆረጠች ፒዛ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ጠዋት የምድጃውን አመድ ጠረግሁ። ፊቴ ጠቁሮ ስወጣ አክስቴ ኑንዚያ አየችኝና አማተበች።

«የሞተ ሰው መሰልሽኝ።»

«ሞቼ ነበር፣ እዚያም የሚጠብስ ሰው በዝቶ መለሱኝ።»

በማንኪያ ወረወረችኝ። ሳተችኝ። ሁሌም ትስታለች።

ማገዶ አስገባሁ፣ ለኮስኩ፣ እሳቱ ጣራውን እስኪልስ ጠበቅሁ። ከዚያ… «በይ ወደ መጥበሻሽ» እባላለሁ። እሳቱን የማነድ እኔ፣ እሳቱ ፊት የሚቆም አጎቴ። እኛ ሰፈር ሴት ፒዛ በዘይት ትጠብሳለች፣ ወንድ በምድጃ ይጋግራል። ማን እንዳለው አላውቅም። ስጠይቅ ሁሉም ወደ ላይ ያያል፤ እግዜር በናፖሊ ሲያልፍ ጥሎት የሄደው ሕግ ይመስል።

አጎቴ አርካንጄሎ ግን ዓይኑ ደክሟል። ሞራ ነው። በወሩ መጨረሻ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ዛሬ አንዷን ማርጌሪታ ፒዛ ከምድጃ አውጥቶ ሳህኑ ላይ ሳይሆን ባዶ ባንኮኒ ላይ አሳረፋት። ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ።

እሱ ሐኪም ቤት ሲተኛ ፒዛ ማስገቢያውን አካፋ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ነኝ እንጂ ማን አለ ሌላ? አስራ አምስት ዓመቴ ላይ ትምህርት ቤት «በቃሽ» ካሉኝ ጀምሮ እዚህ ነኝ። (የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ሊጥ የቀባ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ስሙን አልናገርም።) ስድስት ዓመት ከአጎቴ ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ።

እሺ፣ ራንዲም አለ። አሜሪካ የሚኖረው የሌላኛው አጎቴ ልጅ። ኒው ጀርሲ አባቱ ፒዛ ቤት አለው፤ «የአገርህን ሥራ ተማር» ብሎ ላከው። ቁመቱ መቃን ይመታል። ቋንቋውን ከአባቱ ነው የለቀመው፣ እንደ ሽማግሌ ያወራል። የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ትናንት «ይሄ ምድጃ ጠዋት ሰላም ካልተባለ ያኮርፋል» አልኩት። ዛሬ ምድጃው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደርክ» ሲል ደረስኩበት። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድም?

አጎቴም ወዶታል፣ በሌላ መንገድ። «ትከሻ አለው» ይላል። ትከሻ! ፒዛ በትከሻ ይጋገራል?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 4

ራንዲ ምድጃውን ሰላም አለ። አክስቴ ከኋላው፦ «እሱስ ምን አለህ?» የኛ ቤት ሰው ሁሉ ክፉ ነው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 6

ከምሳ በኋላ ቤቱ ባዶ ነበር። ራንዲን ያዝነው።

«እናንተ ጋ ፒዛ ምድጃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?» አለው አጎቴ።

«አስር ደቂቃ። አንዳንዴ አስራ ሁለት።»

«ምን እየሠራ? ጋዜጣ እያነበበ?» አልኩ እኔ።

የኛ አንድ ጸሎት ደግመህ ሳትጨርስ ትወጣለች። ጠርዟ ያበጠ፣ ነጠብጣብ የጣለባት፣ መሃሏ እርጥብ። ሹካና ቢላ ይሰጥሃል፣ የራስህን ትበላለህ፣ ትሄዳለህ።

እሱ ደግሞ ቆጠረልን። ሊጡ ውስጥ ዘይት። ሊጡ ውስጥ ስኳር (አጎቴ ደረቱን ያዘ)። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ይተኛል። ቲማቲሙ አስቀድሞ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይቀቀላል።

«ቲማቲሙ ሁለት ጊዜ ሊሞት?» አለ አጎቴ።

ሞዛሬላው ደረቅ ነው፣ ይፈገፈጋል። ፒዛው የጋሪ ጎማ ያህላል። ከዚያ ስምንት ቦታ ይቆረጥና መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም እጁን ይሰዳል።

«ሦስት ሰው ባንድ ፒዛ! ይህን ያህል ቸግሯችኋል?» አለ አጎቴ።

«አልቸገረንም። እንካፈላለን» አለ ራንዲ። ሲከራከረን የመጀመሪያው ነው፤ ራሱም ደነገጠ። ከዚያ ልብ ገዛና ጨመረ፦ «የናንተ ደግሞ መሃሉ ሾርባ ነው።»

አጎቴ ተነስቶ ወጣ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሻንጣው ውስጥ የራሱን መቁረጫ ይዞ መጥቷል። እጀታ ያላት ትንሽ ጎማ፣ ስለት ያላት፣ እየተንከባለለች የምትቆርጥ። እኛ ጋ ፒዛ ቆርጠን የምናቀርበው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለሕፃን እና ለበሽተኛ። ራንዲ ይህን አያውቅም።

አያውቅም… ማለቴ፣ ልንገረው እንዴ?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7

ምን አድርጌ ነው?

ዶን ፈርዲናንዶ መጡ። ልብስ ሰፊው። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፣ ግን በየቅዳሜው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በሩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ከፋሲካ ወዲህ ግን አልታዩም፣ ታመው ሐኪም ቤት ነበሩ። ዛሬ ብቻቸውን በእግራቸው መጡ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ጨበጣቸው… አይ፣ አልጨበጣቸውም። እጃቸውን አልሰጡም ነበር። ያኔ ልብ አላልኩም።

እኔ ራንዲን ነበር የማየው። ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ።

«ትልቅ ሰው ሲመጣ ፒዛውን ቆርጠን ነው የምናቀርበው። ክብር ነው» አልኩት።

«ስምንት ቦታ?»

«ስምንት ቦታ። ያችን ጎማህን አምጣ።»

ምን ጠበቅሁ? ዶን ፈርዲናንዶ ምላሳቸው መቀስ ነው። «ጥርሴን ማን ሰረቀኝ?» ብለው ይጮኻሉ፣ ራንዲ ይቀላል፣ ቤቱ ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። እንዲህ ነበር ሐሳቤ።

ራንዲ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበ። ደስ ብሎታል። ዶን ፈርዲናንዶ የተቆረጠውን አዩት። ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቀኙ ከታች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ይርገበገባል። ንፋስ የለም። እጃቸው ነው።

ተነሱ። ናፕኪናቸውን አጠፉ። በግራ እጅ፣ ቀስ ብለው፣ ልክ በልክ።

«አርካንጄሎ» አሉት አጎቴን፣ «እኔ እኮ ያላወቃችሁ መስሎኝ ነበር።»

ወጡ። ስምንት ቁራጭ ሳህን ላይ ቀዘቀዘ። ራንዲ እያየኝ፦ «ክብር አይደለም እንዴ?»

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 8

አጎቴ ሁላችንንም አቆመን።

«ማን ነው እንዲቆርጥ የነገረው?»

ራንዲ ጣራ ጣራውን ያያል። አልተናገረብኝም! በዚያ ሁሉ ትከሻው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ዝም ልል?

«እኔ ነኝ። እጃቸውን አላወቅሁም ነበር።»

«አላወቅሁም ነበር! እሳት ፊት የሚቆም ሰው አላወቅሁም ነበር አይልም፣ ኢማ። ሰውየው ስንት ወር አልጋ ላይ ሆነው ወደዚህ ጠረጴዛ መመለስ ነበር የሚመኙት። ሚስታቸው ነግራኛለች።»

«ልሂድና ይቅርታ…»

«ይቅርታሽን ለራስሽ። ስሚ። ዶን ፈርዲናንዶ ተመልሰው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ አካፋውን በሕልምሽም አትነኪውም። እኔ ስተኛ ራንዲ ይቆማል።»

«ያቃጥለዋል!»

«ያቃጥል።»

አክስቴ ማንኪያ እንኳ አልወረወረችም። እሷ ካልወረወረች ነገሩ የምር ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሰኞ ሰኞ ፒዛ ቤታችን ዝግ ነው። ዶን ፈርዲናንዶ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሚስታቸው ዶና ቲቲና በሰንሰለቱ ክፍተት አንድ ዓይኗን አሳየችኝ።

«ተኝተዋል።»

ከውስጥ ድምፃቸው፦ «ማን ነው?»

«ማንም» አለች፣ ዘጋች።

ማንም ነኝ እንግዲህ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11

ከአክስቴ ጎን ስጠብስ ዋልኩ። ዘይቱ ክንዴን ነጠብጣብ አደረገው። ራንዲ አጠገቤ ቆመ፣ ሲቆም ብርሃን ይጋርዳል።

«ዋሸሽኝ።»

«አዎ።»

«ስለ ምድጃውም?»

«ስለ ምድጃውም።»

አሰበበት። «እሱን ሰላም ማለቴን ግን አልተውም። ለምጄዋለሁ።»

ምን ይባላል ለዚህ ሰው? ይቅርታ አልኩት። በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው በግድ ነበር።

ከዚያ እንዲሁ ለራሱ እንደሚያወራ፦ «እኛ ቤት ቢሆን ማንም አይከፋውም ነበር። ከንቲባውም ሕፃኑም የተቆረጠ ነው የሚበላው፣ በእጁ። የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ማን ያያል?»

ቆምኩ። የምጠብሰው አረረ። አክስቴ ጮኸች፣ አልሰማኋትም።

በእጅ መብላቱንማ እኛም እናውቅበታለን፤ ፒዛዋን አራት ቦታ አጥፈን፣ መንገድ ላይ፣ ቆመን። ከረባት ያሰረ ሰው ግን ጠረጴዛ ቀርቦ እንደዚያ አይበላም። ብቻውን ከበላማ ጭራሽ። ግን ሁሉም ባንድ ላይ ቢበላስ? ሰፈሩ በሙሉ?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ሞከርን። ራንዲ ስኳርና ዘይት ያለበት ሊጡን አቦካ። ወደ ምድጃችን አስገባናት። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ከሰል! ላይዋ ጥቁር፣ ውስጧ ጥሬ። የመርከበኛ ጫማ ሶል።

«ስኳሩ ነው» አለ ራንዲ ራሱን እየነቀነቀ። «ይሄ እሳት ለኛ ሊጥ ይበዛበታል።»

«የኛን ሊጥ እንቁረጣ ታዲያ!» ጋገርኩ (አጎቴ አልነበረም፣ ይሄ አይቆጠርም)፣ ስምንት ቦታ ቆረጥን፣ አንዱን አነሳሁ። ጫፉ ታጥፎ ቲማቲሙ ሸሚዜ ላይ። መሃሏ ለሹካ ነው የተሠራችው።

ሌላ ዘዴ፦ የኛን ሊጥ ጎረቤት ዳቦ ቤት ወሰድኩት፣ የነሱ ምድጃ ለብ ያለ ነው፣ ቆይቶ ቢደርቅስ ብዬ። ደረቀ። ዳቦ ጋጋሪው ነክሶ «ይሄን ግድግዳ ላይ ለጥፊው» አለኝ።

ገባኝ። እኔና ራንዲ አንደኛችን ሌላኛችን ላይ ስንስቅ የከረምነው በከንቱ ነው። የነሱ ሊጥ ለነሱ እሳት፣ የኛ ሊጥ ለኛ እሳት። አንዱን ከሌላው ጋር ስታጋባ ነው ጉድ የሚፈላው።

ስለዚህ የደከመ ምድጃ ነው የምንፈልገው፤ የዳቦ ቤቱን እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አይለቁልንም። የኛ መቼ ይደክማል?

ሰኞ!

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

በሩቅ ጠረጴዛዋን አየኋት። ባዶ። አጎቴ ሰው እንዳይቀመጥባት ወንበሩን አስደግፎባታል።

ጠዋት ራንዲ እሳቱን ቀንሰን እንሞክር ብሎ አንድ ሌላ ፒዛ አክስሏል። ይዣት ወጣሁ። ዶና ቲቲና በየጠዋቱ ከበረንዳዋ ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች፣ የዳቦ ቤቱ ሰው ዳቦ ያስገባላታል። ቀደምኩት። ከሰሏን ቅርጫቱ ውስጥ አስተኝቼ ገመዱን ሳብ አደረግሁ። ወጣች።

መጀመሪያ የዶና ቲቲና ጩኸት። ከዚያ እሳቸው ብቅ አሉ፣ በፒጃማ፣ ከሰሏን በግራ እጃቸው እንደ ሰሌዳ ይዘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፒዛ ነው፣ ዶን ፈርዲናንዶ! ራንዲ የጋገረው! ሰኞ ለሰፈሩ ሊያበላ ነው!»

«ይሄን ውሻ አይበላውም!»

«እኮ! እኛ ዘመድ ሆንን፣ መናገር አፈርን። ምላስ ያለው ሰው ጠፋ። ወርደው ይንገሩት!»

ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣዋ ሴትዮ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ፎቁ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለው ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፦

«ልትቆርጪልኝ ነው?»

ከበረንዳው ሥር ጠጋ አልኩ።

«ለሁሉም ነው የሚቆረጠው» አልኩ። «ለአጎቴም።»

«ለአርካንጄሎም?»

«ለአርካንጄሎም። በእጁ ነው የሚበላው። እኔ አየዋለሁ፣ ጢሙ ላይ አይብ ይንጠለጠላል።»

ከሰሏን እያገላበጡ፦ «ሃምሳ ዓመት ሙሉ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። ማንም ቆርጦልኝ አያውቅም።»

ገቡ። አዎ አላሉም። እምቢም አላሉም። ከሰሏን ግን አልመለሷትም።

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 15

አጎቴን ለመንኩት። እኔ! ጉልበቱ ላይ እጄን አድርጌ።

«የኔ ምድጃ ስኳር ሊቀምስ?»

«ሰኞ ተኝቶ ነው የሚውለው። ተኝቶ እያለ የሆነውን አያውቅም።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ሳቁን ዋጠ። «እቆማለሁ» አለ። «ከኋላችሁ እቆማለሁ። አንድ ጡብ ቢሰነጠቅ ሁለታችሁንም ወደ ኒው ጀርሲ እጭናችኋለሁ።»

ራንዲ ሞዛሬላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ድንጋይ ጫነበት፣ ውሃው እንዲወጣ። አክስቴ፦ «ምን በደለህ ይሄ አይብ?» ቲማቲሙን ሲቀቅል ደግሞ መስኮት ከፈተች። ሊጡ ከዓርብ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ነካሁት። እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። ክፉ አይደለም… አልናገርም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳልረሳው።

ጠዋት ለምድጃው ትንሽ ማገዶ ሰጠሁት። ሲነድ ቆየና ፍሙን ጠርጌ አወጣሁ፣ አፉን ዘጋሁ። እሳት የሌለበት ምድጃ። ጡብ ብቻ፣ እና የጡቡ ቁጣ።

ከሰዓት ሰፈሩ ጠረጴዛ እያወጣ ቅያሱ ላይ ገጣጠመ። ሁሉም የየራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣ። ራንዲ ሊጡን ዘረጋ፣ የአልጋ አንሶላ! የኛ አካፋ ጠበበው፣ ከዳቦ ቤቱ ሰፊ የእንጨት አካፋ ተዋስን።

ምድጃውን ከፈትኩ። ሙቀቱን ልለካ ዱቄት ቆንጥሬ የምድጃው ወለል ላይ በተንኩ። ወዲያው ጠቆረ።

«ገና።»

«ሰው እየጠበቀ ነው» አለ ራንዲ።

«ይጠብቅ።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ በተንኩ። ቡና መሰለ። «ገና።» አጎቴ ከኋላዬ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ዱቄቱ አይታየውም፤ ያ ሞራ። ክንዱን በላዬ አሳልፎ ምድጃው አፍ ላይ ዘረጋ፣ አቆየው።

ሦስተኛውን በተንኩ። ቀስ… ቀስ… የዳቦ ቅርፊት ቀለም።

«አሁን» አልኩ። እሱም በዚያው ቅጽበት እጁን መለሰ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ጀርባህ። ስድስት ዓመት ሌላ የማየው ነገር አልነበረም።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ራንዲም ወደ ኋላ ተራመደና ሰፊውን አካፋ ለኔ ተወልኝ። «ሊጡን እኔ አውቀዋለሁ፣ እሳቱን ግን አንቺ» አለ። አስገባሁ። አዞርኩ። ጠበቅሁ፣ ጋዜጣ ማንበብ ያሰኝ ነበር። ወርቅ ሆና ወጣች። ሳነሳት አታጎነብስም፣ ጣውላ ናት። ስትነካ ኮሽ ትላለች።

ዶን ፈርዲናንዶ መጥተው ነበር። ከረባታቸውን አስረው፣ ጫፍ ላይ፣ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ። ማንም ያየ አልመሰለም፤ ሁሉም ግን አይቷቸዋል።

ራንዲ ጎማዋን ይዞ መቁረጥ ጀመረ። እጁ ፈጠነ፣ ሰው ስለበዛበት መሰለኝ። አንዱ ቁራጭ የበር ምንጣፍ፣ አንዱ የጥፍር ቁራጭ። ልጆች ተጣሉ።

«አቁም!»

ሁሉም ዞረ። ዶን ፈርዲናንዶ ቆመዋል።

«ይሄ ምን አቆራረጥ ነው? ሱሪ ቢሆን እኮ አንዱ እግር እዚህ፣ ሌላው ሳሌርኖ ከተማ ይቀር ነበር። ወዲህ በል!»

ጎማዋን ተቀበሉት፣ በግራ እጃቸው። አገላብጠው አዩዋት። «እኔም አለችኝ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት የምታደርግ። ይቺ ወፍራም እህቷ ናት።» ቀጣዩ ፒዛ ፊታቸው ቀረበ። «መጀመሪያ መሃሉን ፈልግ። መሃሉን ያላገኘ ሰው አይቁረጥ።» ገፏት፣ ተንከባለለች። ቀጥ። አዞሩ። ቀጥ። ስምንት ቁራጭ፣ አንዱ ከሌላው ቢጫን ልክ በልክ።

ቀኝ እጃቸው ከኪስ ወጥቶ የፒዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር። ይንቀጠቀጣል። ማንም አላየውም። ሁሉም ጎማዋን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ እኔ ጋገርኩ፣ እሳቸው ቆረጡ፣ ሰው በላ። በእጅ፣ እየተሻማ። አጎቴ ጢሙ ላይ አይብ ተንጠለጠለ፤ ቃሌን ጠበቅሁ፣ አየሁት።

ራንዲ ፈርቶ ጠየቃቸው፦ «እንዴት ነው?»

ዶን ፈርዲናንዶ አኘኩ። «ዳቦ ነው። ጥሩ ዳቦ። ፒዛ አይደለም።» ሦስተኛውን ቁራጭ አነሱ።

እኔ? ወድጄዋለሁ። ኮሽታው፣ የተቀቀለው ቲማቲም ጣፋጭነት… ይሄን ለማንም አልናገርም። እዚህ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

አጎቴ፦ «ትናንት የቅያስ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛዋ ያው ባዶ ናት።» እውነቱን ነው። መጥበሻዬ ጋ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል ነው፣ ሰው እንደ ጉንዳን። ጠበስኩ፣ ጠበስኩ። ራንዲ ምድጃው ጋ አጎቴ አጠገብ ይለማመዳል። አራት አቃጠለ። ልስቅ ነበር፣ ግን ደስ አላለኝም። ለምን? … ቅዳሜ ባይመጡስ?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21

ገና ቤቱ ሳይሞላ መጡ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ሰማያዊ ከረባት። የተደገፈውን ወንበር በግራ እጃቸው ስበው ተቀመጡ። በጠረጴዛቸው!

አጎቴ ምድጃው ጋ ሆኖ ፊቱን ላለማሳየት ጀርባውን ሰጠ። ማርጌሪታቸውን አወጣ። ራንዲ ሊያቀርብ ሄደ፣ ከሹካና ቢላ ጋር፣ ሙሉዋን።

«ኢማ!» አሉ ከወዲያ ጫፍ። ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ።

«አቤት?»

«ያችን ጎማ አምጪና ቁረጪልኝ። ስምንት ቦታ። እንደ አሜሪካኖቹ።» ዙሪያቸውን አዩ፣ አንድ በአንድ። «ሞክሬዋለሁ፣ ይሻለኛል። የሚያስቅ ነገር ያየ አለ?»

ማንም አላየም። ሄጄ መሃሉን ፈለግሁ። ስቆርጥ ከላይ ሆነው ይመለከታሉ፣ «ወደ ግራሽ… ወደ ግራሽ እንጂ» ይላሉ። በግራ እጃቸው ሹካ አነሱና ቁራጭ በቁራጭ በሉ። ቀኙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰው ፊት፣ እንደፈለገው እየተንቀጠቀጠ።

አጠገባቸው ያሉት ጡረተኛ ውል አዋዋይ ቢላቸውን አስቀመጡ። «ለኔም ቁረጪልኝ፣ ልየው።»

አጎቴ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። «በቤቴ!» አለ። «በራሴ ቤት!»

ከዚያ ከምድጃው ፊት ዞር አለ። ዳር ቆመ። አካፋውን በእጀታው በኩል አዞረልኝ።

«ያዢ። ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ፣ የምትደባደቢ አታስመስዪው።»

ራንዲ አጨበጨበ። አክስቴ መጥበሻውን ትታ መጣች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ከዚያ «የሚጠብስልኝ ማን ነው ታዲያ?» አለች። ራንዲን ሁላችንም አየነው።

«እኔ?» አለ ራንዲ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

አጎቴ ትናንት ከሐኪም ቤት ወጣ። አንድ ዓይኑ ታስሯል። «ተኛ» ሲሉት እምቢ አለ፣ ከሰዓት መጥቶ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን እዚህ ኖሮ ወንበራችን ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ወንበሩ ይቆረቁራል ብሎ አማረረ።

ራንዲ ሰኞ በረረ። ትናንት ስልክ ደወለ። አባቱ ፒዛ ቤት አንዷን ሳይቆርጥ አቅርቦ፣ ደንበኛው «ጥርሴ መጋዝ ነው እንዴ?» ብሎ መለሰለት። እኔ ስስቅ እሱም ሳቀ። የነሱ ምድጃ በኤሌክትሪክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን…

ዛሬ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ ክንዴ ላይ የዘይት ጠባሳ ላይ የፍም ጠባሳ ተጨምሯል፣ የቅንድቤ ጫፍ የለም። አካፋው እጄን አውቆታል ወይስ እጄ አካፋውን? እንጃ። ወደ ኋላ አላየሁም።

አንድ ሰውዬ ሳህን ይዞ ወደ ባንኮኒው መጣ። ከሰሜን ነው መሰለኝ፣ አነጋገሩ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው።

«ይቅርታ፣ ጋጋሪውን ማናገር ፈልጌ ነበር።»

የሚያየው አጎቴን ነው። ሽማግሌ፣ ጢማም፣ አንድ ዓይኑ የታሰረ፣ የእሳት አርበኛ ይመስላል። አጎቴ ማኘኩን አላቆመም። በአውራ ጣቱ ወደ ምድጃው ጠቆመ።

«ጋጋሪዋ እሷ ናት። ለሷ ንገራት። እኔ ልበላ ነው የመጣሁት።»

ሰውዬው አየኝ። ሳህኑን አየ። እንደገና እኔን። «ባንድ በኩል አሯል» አለኝ፣ ድምፁ ትንሽ ቀነሰ።

ስንት መልስ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር! አንዱ ከአንዱ የሚጥም። ሳህኑን ተቀበልኩት፣ ጠርዙን አገላብጬ አየሁ። እውነትም በግራ በኩል ከስሏል። ሳወራ ነው ያመለጠኝ።

«ልክ ነህ። ሌላ ልሥራልህ።»

ሊጥ አነሳሁ፣ ዘረጋሁ፣ ቲማቲም፣ ሞዛሬላ፣ ሁለት ቅጠል በሶብላ። አስገባሁ። አዞርኩ። አፌን ዘግቼ።

ሳህኑን ራሴ ወሰድኩለት። ቆሜ ጠበቅሁ። ቆረጠ፣ ጎረሰ፣ አኘከ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሁለተኛውን ጎረሰ።

በቂ ነው። ተመለስኩ፤ ሦስት ትዕዛዝ እየጠበቀኝ ነበር።